የበረዶ ማገጃ

«ያንተ ብረት በረዶውን ወዴት ነው የሚመልሰው?»

አያ አራጌ ይህን ሲጠይቁኝ ከአዲሱ የእህል መጋዘን ጥላ ሥር ቆመን ነበር። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከልለው፣ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ የተደረደረውን ብረት ያያሉ። እኔም አብሬ አየሁ። 

የቆቦ ዙሪያ ገበሬ ሁሉ አያ አራጌን ያውቃቸዋል። በረዶ መላሽ ናቸው። ከዞብል ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ሲነሳ ሌላው ሰው ከብቱን ወደ ቤት ይነዳል፤ እሳቸው ማጭድ ይዘው ወደ ማሳው ይወጣሉ። ደመናውን መንገድ እንደሳተ ግመል ይቆጡታል። ማጭዱን ስለቱን ወደ ሰማይ አድርገው መሬት ላይ ይተክሉና «ሂድ ወደ ድንጋዩ፤ እዚህ ያሳደገህ የለም» ይሉታል። ከሄደ እሳቸው መለሱት። ካልሄደ ደግሞ በመንደሩ ውስጥ የሰው ሐቅ የበላ አለ ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ አያ አራጌ አያፍሩም። ለዚህ ሥራቸው በመኸር ጊዜ እያንዳንዱ አባወራ ከአውድማው ይሰፍርላቸዋል፤ የሚኖሩት በዚያ ነው። መሬት ሲደለደል «እኔ የማርሰው ሰማይ ነው» ብለው ድርሻቸውን ሳይወስዱ ቀሩ።

አንድ ዓመት በረዶ በዞብል ጥግ የፍየል ግልገል ፈጀ። ባለፍየሎቹ ቆቦ ድረስ ወርደው «ለምን ወደኛ ላክህብን?» ብለው ከሰሷቸው። አያ አራጌ አልካዱም። ሽማግሌ ተቀምጦ ፈረደ፤ ሙክት ካሱ። ይህን ሲያወሩ በኩራት ነው። «ወላሂ፣ ያልሠራሁትን ማን ያስከፍለኝ ነበር?» ይላሉ።

እንግዲህ «ወዴት ነው የሚመልሰው?» ያሉኝ እንደ ባለሙያ ነው። በረዶ ከተመለሰ የሚያርፍበት ያስፈልገዋል።

ችግሩ የኔ ብረት በረዶ የሚመልስ አለመሆኑ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ቆቦ ነው። ግንባታ የተማርኩት ግን ሶቪየት ኅብረት፣ ስቬርድሎቭስክ ከተማ ነው። እዚያ በረዶ ሌላ ነገር ነው። ድምፅ የለውም። እንደ ተነደፈ ጥጥ ሌሊቱን ሙሉ ይወርድና ጣራው ላይ ይከመራል፤ ሲሰነብት ይደድራል። ከዚያ አንድ ቀን ፀሐይ ወጥታ ቆርቆሮው ሲሞቅ ክምሩ ባንድ ጊዜ ተንሸራቶ ከሥር በሚያልፈው ሰው ላይ ይወርዳል። የሚሞት አለ። ስለዚህ በጣራው ጠርዝ ላይ ብረት ይተክላሉ፤ ክምሩን ይዞ እንዲያቆየው፣ ቀስ እያለ እንዲቀልጥ። አስተማሪያችን ይህን ብረት ለረሳ ተማሪ ነጥብ ይቀንስ ነበር። እጄ ለመደ። ቆቦ ተመልሼ የገበሬ ማኅበሩን መጋዘን ፕላን ስሠራ፣ እጄ ጭንቅላቴን ሳያማክር ብረቱንም ሣለው። ውሻ ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ሥር በሚለጠፍበት አገር።

ሲሚንቶና ሚስማር ላስፈቅድ ደሴ ሰንብቼ፣ በ1976 ሚያዝያ ስመለስ በያጁ እንድሪስ ጨርሶታል። ብረቱ ጣራውን በሁለት ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ሥራ ነው።

«ምንድን ነው ብለህ አልጠየቅህም?» አልኩት።

«ፕላኑ ላይ አለ። ሩሲያ ያስተማረችህን እኔ ምን ብዬ ልጠይቅ?»

ሌላ ቃል ሳንለዋወጥ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ውዱ ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ይዞ ደረሰ። ውዱ ድምፁ ትልቅ፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ ሰው ነው።

«ጓድ ካሳው፣ ይኼ የወፍ መቀመጫ ነው የሌባ መሰላል?»

ሠራተኛው ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም። ብረቱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። በዚያ ሰሞን ደሴ ውስጥ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ቆርቆሮ አባክነሃል ተብሎ በኢኮኖሚ አሻጥር መታሰሩን ሰምቼ ነበር የመጣሁት። እንድሪስ ለማረሻ የሚሆን ብረት አጥቶ ገበሬ ሲመልስ ከርሟል። እዚህ ጣራ ላይ ያለው ብረት ለስንት ማረሻ እንደሚበቃ ካድሬውም ሳያሰላው አይቀርም።

«የበረዶ ማገጃ ነው» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። የሩሲያኛውም ስም እንደዚያው ነው። ለኔ አማርኛ ግን በረዶ አንድ ነው፤ ጥጥ የሚመስለውንም ድንጋይ የሚመስለውንም በአንድ ስም ይጠራል። የኔን ቃል ቆቦ በቆቦ ጆሮ ሰማው።

ውዱ ሳቁን አቆመ። «በረዶ? የሚወርደውን በረዶ?»

«በተማርኩበት አገር ይህ ብረት የሌለው ጣራ የለም።»

ይህም እውነት ነበር። ካድሬው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ፤ አንገቴ ላይ የነበረው ገመድ ላላ። ለውዱ ብቻውን ሳገኘው አስረዳዋለሁ ብዬ ተውኩት። ብቻውን ሳላገኘው ቅዳሜ ደረሰና ውዱ ስብሰባ ላይ አስታወቀ። ከእንግዲህ ሳይንስ በረዶውን ይይዘዋል፤ ለአራጌ የሚሰፈር እህል ቀርቷል፤ አቆርቋዥ ባህል ነው አለ። ከኋላ አንድ ሰው «እስካለፈው ዓመት አንተም ትሰፍር አልነበር?» አለው። «እሰፍር ነበር፤ አሁን ነቃሁ» አለ ውዱ። ሰው ሳቀ፤ ጉዳዩ አለቀ።

በማግስቱ ነው አያ አራጌ መጋዘኑ ድረስ መጥተው ያንን የጠየቁኝ። ዓይናቸውን ከጣራው ወደ እኔ መልሰው ፈገግ አሉ።

«ስንት ዓመት ተማርክ?»

«ስድስት።»

«እኔን አባቴ ባንድ ክረምት አስተማረኝ። ያንተ አስተማሪ ቀርፋፋ ነው ወይስ አንተ?»

«እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ አያ አራጌ።»

«አይዞህ። ብረትም ቢሆን ይለምዳል። ግን አልወሰንክም፤ ወደየት እንደሚልከው አልወሰንክም። ባለፍየሎቹ ሲመጡብህ እኔን እንዳትጠራ።»

በዚያች ቀን ለእሳቸው እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። እኔ ግን የሚሳቅበት ሰው መሆን አልፈለግሁም።

ሰኔ መጣ፣ ሐምሌ መጣ። ደመናው ከዞብል ላይ ይነሳል፤ ያንዣብባል፤ ወደ አፋር በረሃ ይሻገራል። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። እርግጥ ነው፣ በረዶም አልወረደም። ውዱ መጀመሪያ ላይ ወደ ጣራው እየጠቆመ «አያችሁ?» ይል ነበር። ነሐሴ ላይ ማለቱን ተወ። መስከረም ላይ አገሩ ሁሉ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል ሲያከብር እኛም ባዶውን መጋዘን በቀይ ጨርቅ አስጊጠን መረቅነው። ከምርቃቱ ሲመለሱ ጥቂት ሰዎች በጎኔ አልፈውኝ ወደ ቆረም መንገድ ወጡ፤ እህል አለ የተባለው እዚያ ነበር። ሌሎች በመንገድ ዳር ወድቀው ቀሩ። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ሰው በተራበ ቁጥር ሁለት ወሬ አብሮ ይወፍር ነበር። አንደኛው «በረዶ ማገጃው ዝናቡንም አገደው» የሚል ነው። ሁለተኛው «አራጌ እህሉ ስለቀረበት ቂም ይዞ ዝናቡን አሰረው» ይላል። በኅዳር የሰፈራ ኮታ ሲመጣ ውዱ ስንት አባወራ እንደሚልክ ተነግሮታል፤ የሚሄድለት ሰው ግን አላገኘም። ሰው ቢራብም መቃብሩን ጥሎ መሄድ ይፈራል። አያ አራጌ መሬት የላቸውም፤ ሚስታቸው ሞታለች። ዝናቡን ያሰሩት እሳቸው ከሆኑ ማንም «ለምን ይሄዳሉ?» አይልም።

ሰፋሪው ከሚመረጥበት ስብሰባ በፊት ልጃቸው ኡሙሃኒ ወደ ቤቴ መጣች። ጎብዬ ነው የተዳረችው፤ አራስ ናት፤ ሕፃኑን አዝላለች። አብረን ያደግን ነን።

«አንተ የተማርክ ነህ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ሰው ዝናብ ያስራል?»

«አያስርም።»

«እንግዲያው ተነስተህ እሱን በላቸው።»

«እላለሁ።»

«ማልልኝ።»

«ኡሙሃኒ…»

«በጊዮርጊስ ማል። ወይስ ሶቪየት ሄደህ ጊዮርጊስም አይይዝህም?»

«ይይዘኛል» አልኩና ማልኩ።

ስብሰባው ከዋርካው ሥር ነበር። ካድሬው በወንበር፣ እኛ በድንጋይ ላይ ተቀምጠናል። ውዱ ከስቷል፤ ድምፁ ግን አልከሳም።

«በመጀመሪያ የሚወራውን እናጥራ» አለ። «ጓድ ካሳው፣ በረዶ ማገጃው ዝናብ ያግዳል?»

ተነሳሁ። «ብረቱ ዝናብ አያግድም። ሰውም ዝናብ አያስርም።»

መሐላዬን ፈጸምኩ። ኡሙሃኒ ከሴቶቹ መሐል አየችኝ፤ ፊቷ ተፈታ። ልቀመጥ ስል ውዱ እጁን አነሳ።

«ቆይ። ብረቱ በረዶ ያግዳል ብለኸናል። ሰማይ ለብረት ከታዘዘ ለሰው የማይታዘዝበት ምክንያት ምንድን ነው? እኔ አልተማርኩም፤ አስረዳኝ።»

እያላገጠ አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀው። የሚያስፈልገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ብረቱም በረዶ አያግድም፣ በስህተት የተተከለ ነው ማለት። ካድሬው እግሩን አነባብሮ ይጠብቃል። ደሴ የታሰረው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰበት የሚያውቅ አልነበረም።

«ሳይንሱ ረጅም ነው» አልኩ።

«ይሁን» አለ ውዱ። ወደ አያ አራጌም ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከሰፈራው ሊያወጣቸው እንደፈለገ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። «አያ አራጌ፣ አንቱ ደግሞ አንድ ነገር ይበሉ። በረዶ መመለስ አልችልም፣ ዝናብ ማሰር አልችልም፣ ለእህል ስል ነው እያታለልኩ የኖርኩት ይበሉ። ጓዶች ይስሙ። ከዚያ ይቀመጡ።»

አያ አራጌ ተነሱ። ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጥምጥማቸውን ግን አሳምረው ጠምጥመዋል። ከዚያ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«እሱ ብረቴ አይሠራም ይበል፤ እኔም አልሠራም እላለሁ።»

ሳቅ ተነሳ። በዚያ ረሃብ ውስጥ ሰው እንዲህ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሁለት ባለሙያ በገበያ የሚጣሉ መሰላቸው። «ተፎካካሪ አይደል፣ ደንበኛ ሊቀማው!» አለ አንዱ። ካድሬውም ጥርሱን አሳየ።

አያ አራጌ አልሳቁም። እኔን ብቻ ነው የሚያዩት። ያወቁ ይመስለኛል። ወይም አላወቁም፤ ብቻቸውን መዋረድ ስላልፈለጉ አጃቢ ጠየቁ። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ከርሜአለሁ። የትኛውም ቢሆን ጥያቄው ቀላል ነበር፤ አብረን እንፈር ነው ያሉኝ። እኔ የፈራሁት ካድሬውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ለራሴ ይቅርታ አገኝ ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ ነው የፈራሁት፤ ስድስት ዓመት ተምሮ የወፍ መቀመጫ የሠራ መባልን።

«እህ፣ ጓድ ካሳው?» አለ ውዱ።

ዓይኔን ወደ መሬት አወረድኩ። ሳቁ ቀስ ብሎ በረደ።

«እንግዲህ እኔም እሠራለሁ» አሉ አያ አራጌ። ተቀመጡ።

ሰፋሪውን ወደ አሶሳ የሚያደርሱት መኪኖች የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ጠዋት ሄድኩ። አያ አራጌ ከጭነት መኪናው ላይ ከአንዲት ቤተሰብ ዕቃ ጋር ተጣብበው ተቀምጠዋል። አዩኝና እጃቸውን በጎኑ ሳንቃ ላይ አሳረፉ።

«አሶሳ በረዶ አለ?» አሉኝ።

«ዝናቡ ብዙ ነው ይላሉ።»

«ዝናብ ካለ በረዶ አይታጣም። እንጀራ አለኝ ማለት ነው፣ አልሃምዱሊላህ።» ባዶ እጃቸውን አሳዩኝ። «ማጭዴን ግን ወሰዱብኝ። መሣሪያ ነው አሉ።»

ሞተሩ ገና አልተነሳም ነበር። ካድሬው በሩቅ ነው። ማንም አይሰማንም፤ እሳቸው ግን ጥርት አድርገው ይሰሙኛል። ለመናገር ሰፊ ጊዜ ነበረኝ። ስለ መንገዱ ርዝመት አወራኋቸው። የውኃ ኮዳዬን ሰጠኋቸው። «አላህ ይስጥህ» ብለው መረቁኝ፤ ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ኡሙሃኒ ከመኪናው ሌላ ጎን ቆማ ነበር። መኪናው ሲሄድ በመካከላችን የሚጋርደን ጠፋ፤ ተያየን። ሕፃኑን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዙራ እያባበለች በጎብዬ መንገድ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ቆቦ ገበያ ላይ ስታየኝ መንገድ ትለውጣለች። ጎብዬ ድረስ ሁለቴ ሄጄ ከደጇ ተመልሻለሁ።

በመጋቢት የሮቢት ገበሬ ማኅበር መጋዘን እንድነድፍ ታዘዝኩ። ብረቱን አልሣልኩም። ፕላኑን ሳሳያቸው ሊቀ መንበራቸው ጣቱን ጣራው ላይ አሳረፈ።

«የኛን ለምን ራቁቱን አስቀረኸው? የቆቦ ገበሬ ሰው ነው፣ እኛ ገለባ ነን?»

«ሮቢት ብዙ በረዶ የለም» አልኩ።

«የቆቦ በረዶ ሮቢት ሲደርስ ተመለስ የሚለው ማን ነው? አሁንማ አራጌም የለ።»

ሣልኩላቸው። እንድሪስ ሲበይደው ከሥሩ ቆሜ ነበር። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋና ወደ ታች አየኝ።

«ካሳው፣ ይኼ ነገር ምንድን ነው?»

በዚህች አገር ይህን ጥያቄ በቀጥታ፣ ያለ ቀልድ፣ ያለ ካድሬ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ዘግይቶ ጠየቀኝ።

«ፕላኑ ላይ አለ» አልኩት።

መነጽሩን መለሰና ቀጠለ።

ከበደ የሚባል ሾፌር አለ፤ ሰፋሪ ወደ አሶሳ ያመላልሳል፤ ቆቦ ሲያድር ሻይ ቤት እንገናኛለን። በሰኔ ወደዚያ እንደሚሄድ ሲነግረኝ ወደ ጎን ወሰድኩት። አያ አራጌ የሚባሉ የራያ ሽማግሌ፣ ጥምጥም የሚያሳምሩ፣ ወሬ የሚወዱ፤ ሰው ይጠቁምሃል አልኩት። መልእክቱን በቃሉ አስጠናሁት። እንዲህ ነው የሚለው፦ ካሳው እንዲህ ብሏል፤ ብረቱ በረዶ አይመልስም። ለሌላ አገር፣ ለሌላ በረዶ የሚሠራ ነው፤ በስህተት ሣልኩት። ስብሰባው ላይ ሲጠይቁኝ ይህንን ነበር ማለት የነበረብኝ። አሁን አውራጃ ሄጄ ብናገር እርስዎን የሚመልስዎት ከሆነ እናገራለሁ። ሂድ ይበሉኝ ወይም ተው ይበሉኝ።

ከበደ ሰምቶ ሲጨርስ ጢሙን አሻሸ።

«ለአንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ? ሰላም ብሎዎታል ብላቸው አይበቃም?»

«አይበቃም።»

«ደግሞስ፣ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን እሳቸው ናቸው የሚወስኑልህ?»

ሻዩን ከፈልኩለት። መልእክቱን ደግሞ እንዲልልኝ ጠየቅሁት፤ አንድም ቃል ሳይጥል አለው።

በነሐሴ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠብቄ አስቆምኩት። መንደሩን አግኝቻለሁ አለ። ሽማግሌው ግን የወባ ሕመምተኛ ወደሚተኛበት ሌላ ሠፈር ተወስደዋል ተባለ። መልእክቱን ለአንድ የራያ ሰው ነገረው፤ ሰውየውም «አደርሳለሁ» ብሎ ተቀብሏል። «ቃል በቃል ነገርኩት» አለኝ ከበደ፤ «ሁለቴ አስደገምኩት።»

ከዚያ ወዲህ ከበደ በቆቦ ደጋግሞ አልፏል። መጀመሪያ ላይ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ መልስ አልመጣም ሲለኝ ከመስኮቱ ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይነቀንቅልኝ ነበር። አሁን ከመንገዱ ዳር ቆሜ ሲያየኝ ጥሩምባ ይነፋልኛል፤ አይቆምም።